እናት ያልወለደችው

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምት ነበር። ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሦስተኛው ክረምት ነው። ከኮረብታው ላይ ምሽግ ሠርቷል፤ ከታች መንገድ ያስቆፍራል፤ መኪናው ጭቃ ይዞት ሲያጓራ ይውላል። ዝናቡ ግን እንደ ወትሮው በጊዜው መጣ፣ ተመስገን።

የበኵር ልጄ ዱር ገብቶ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ነበር። ጠላት ሲመጣ አንድ ሣጥን መጽሐፍ በአህያ አስጭኖ ወደ እኛ ተመለሰ። ጥቂት ጊዜ ከበሩ አጠገብ እየተቀመጠ ሲያነብ ከረመና አንድ ቀን ከእኩዮቹ ጋር ወጣ። «እማ፣ መጻሕፍቱን አይጥ እንዳይበላብኝ» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔም «እመቤቴ ትከተልህ» ብቻ አልሁት። ሌላ ቃል ቢወጣኝ ኖሮ እንባ ይከተለው ነበር።

ለሚጠይቀን ሁሉ «ለንግድ መተማ ወርዷል» እንላለን። ባንዶች ቤት ለቤት እየገቡ የተማረ ልጅ ያለበትን ይፈልጉ ነበርና ሣጥኑን ፈልጠን አነደድነው። መጻሕፍቱን በቁርበት ጠቅልዬ ጎታው ውስጥ ከሥር ከተትሁ፤ ላያቸው ላይ ገብስ አፈሰስሁ። ሁለት ጊዜ ተፈተሽን። ገብስ እንጂ ሌላ አላገኙም።

እኔ ማንበብ አውቃለሁ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደል ያስቆጠሩት እኔን ነው። ሰው «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» ሲላቸው «ለእግዚአብሔር ምን እንደሚያደርግለት እርሱን ጠይቁት» ይሉ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር። ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነው። ከዚያ ወጥቼ ግን ሌላ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም ነበር።

ሰኔ ላይ ገብሱ ጎደለና ቁርበቱ ብቅ አለ። ባየሁት ጊዜ ልጄን ያየሁ ያህል ደነገጥሁ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ጣቱን እየላሰ የገለጣቸው ገጾች ናቸው። ምን ይላሉ ብዬ ሳይሆን፣ እጁ የነካውን ልንካ ብዬ ነው የጀመርሁት።

መጻሕፍቱ የዳዊት ዓይነት አልነበሩም። የሰው ታሪክ ነበሩ። ከሽፋናቸው በታች በትንንሽ ፊደል «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ቃሉ ለእኔ አዲስ ነበር። ልጅ ከማኅፀን እንደሚወለድ፣ ይህም አንድ ሰው ለብዙ ዘመን በልቡ ተሸክሞት የኖረ እውነት ይሆናል፤ መሸከም ሲያቅተው ለሰው ሁሉ ተናግሮት ይሆናል አልሁ። እንደ ንስሐ ያለ ነገር መሰለኝ። ስለዚህ ሳነብ ተጠንቅቄ፣ የሰውን ገመና እንደሚሰማ ሰው ሆኜ ነበር የማነበው።

ጎረቤቴ ባሏ በገበያ አቡጀዴ የሚሸጥ ሙስሊም ሴት ነበረች። ቤታችን ክዳን ለክዳን ይነካካል። ዝናቡ ሲወርድ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ከደጃፉ ብርሃን ላይ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ባለቤቴ ከምሰሶው ሥር ገመድ ይገምዳሉ። ባለቤቴ የአፍ ሰው አልነበሩም። ስለ አንድ ነገር ሁለት ቃል ከተናገሩ ያ ቀን በዓል ነው።

ስለ ልጃችን ግን ያ ክረምት አናግሯቸዋል። ገበያ ውለው ሲመለሱ ወሬ ይዘው ይመጣሉ።

«ደኅና ነው። ያየው ሰው ነገረኝ።»

«ብርዱንስ እንዴት አድርጎታል?»

«ጥቁር ካፖርት ደርቧል። ከጣሊያን የማረከው ነው። እጅጌው ረዝሞበት ወደ ላይ አጥፎታል።»

እኔም ያን የታጠፈ እጅጌ ይዤ ሳምንቱን እውላለሁ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ ያነበብሁት ስለ ጠፋ ዕንቍ ነበር። በባሕር ማዶ ከአንድ ባለጸጋ ቤት ዕንቍ ይጠፋል፤ አንድ ብልህ ሰው ሌባውን ሊያወጣ ይመጣል። ሰውዬው አመድ ይመረምራል፣ ጫማ ይለካል፣ ሰዉን አንድ በአንድ ይጠይቃል።

ጎረቤቴ እንዝርቷን አቆመች። «ይህን ሁሉ ከሚደክም ሌባ አሽትቶ የሚያወጣ ሌባሻይ አይጠሩም?»

«በዚያ አገር የለም መሰለኝ።»

«ሌባሻይ ሳይኖራቸው ነው እኛን ሊያሠለጥኑ የመጡት?» አለች። «ለማንኛውም ሞግዚቷ ናት። አላየሻትም ስትምል? ብዙ የሚምል ሰው እጁ አይጸዳም።»

ሞግዚቷ አልነበረችም። ዕንቍውን የደበቀው ራሱ ባለቤቱ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤቴ ተቆጣች፤ «የገዛ ዕንቍውን! ወላሂ፣ በእኛ ሰፈር ቢሆን ጥጤን ጥዬ ሄጄ ነበር የምሰድበው» አለች። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። መካከል ላይ አንዲት ገረድ ሰርቀሻል ተብላ ተገርፋ ከቤት ትባረራለች። ዕንቍው ተገኘ፣ ሁሉም ተደሰተ፣ መጽሐፉም አለቀ። ገረዲቱ ወዴት እንደ ደረሰች አንድ ቃል አልተናገረም። እስከ ሳምንቱ ድረስ ውዳሴዬን ሳደርስ እርሷንም አነሣት ነበር።

ሁለተኛው የፍቅር ነው። አንድ ድሃ ወጣት የሚወዳትን ልጅ ለማግባት ጥሪት ሊያፈራ ሩቅ አገር ይሄዳል። ሲመለስ ሽፍቶች ይዘርፉታል፤ ክረምት ይገባና ወንዙ ይሞላበታል። ተሻግሮ ወደ እርሷ መምጣት ሲያቅተው ክረምቱን በአንድ ዋርካ ቦድ፣ በግንዱ ባዶ ሆድ ውስጥ ተጠልሎ ይከርማል። ከዋርካው ቅርንጫፍ ንብ ሰፍሯል። ማሩ በግንዱ ላይ ይንጠባጠባል፤ እርሱ በጣቱ እየጠረገ ይልሳል፤ ችግሩ ጉንዳን ብቻ ነው። ያን ገጽ ጎረቤቴ ድገሚልኝ አለችኝና ደገምሁላት። እኔም ለራሴ በሌላ ቀን ደገምሁት። ስጨርስ «ምናለ ለእኔም ልጅ እንዲህ ያለ ዋርካ ቢሰጠው!» ማለቴን አስታውሳለሁ። ባለቤቴ ከምሰሶው ሥር ነበሩ። የሚሰሙ አይመስሉም ነበር።

መጽሐፉ ሠርጉ ላይ አለቀ። «ይኸው ነው?» አልሁ። «ትዳሩ ገና አሁን ሊጀመር?»

«ከዚህ በኋላ ያለውንማ ማን ያነበዋል፣ እቴ? እኔና አንቺ እናውቀዋለን!» አለች ጎረቤቴ። ባለቤቴ እንኳን ፈገግ አሉ።

ሦስተኛው የጦር ታሪክ ነበር። በመሳፍንት ዘመን የሆነ ነው። አንድ ወጣት ወታደር በጦርነት ቆስሎ ገደል ሥር ይቀራል። ጓደኞቹ አላዩትም። ሲጠማው በድንጋይ ላይ ያቆረ የዝናብ ውሃ ይልሳል፤ ከንፈሩ አልደርስ ሲለው የልብሱን ጫፍ ነክሮ ይመጠዋል። እናቱ ደግሞ በአገሯ ከመንገድ ዳር እየወጣች የሚያልፈውን ሁሉ «ልጄን አይታችኋል?» ትላለች። አንዱ አላየሁም ይላታል። አንዱ ሊያስደስታት አይቼዋለሁ ይላታል። እርሷ የሁለተኛውን እግር አጥባ፣ አብልታ ታሳድረዋለች።

እዚህ ስደርስ ጎረቤቴ ጥጧን ሰበሰበች። «ይኸንን አታንብቢብኝ» አለች።

«ምነው? ገና መጀመሩ ነው።»

«ቤት ሰው የለም» አለችና በዝናቡ ሮጣ ሄደች። ቤቷ ግን ልጆቿ ሞልተው ነበር። እኔ ልቧ ስስ ነው አልሁ። የቀረውን ብቻዬን አነበብሁት። ወታደሩ ሞተ። አፈር ያለበሰው የለም፣ ካህን አልደረሰለትም። እናቱ እስከ መጨረሻው ገጽ ከመንገዱ ዳር ናት። ለማንም ሰው እንዲያ አልቅሼ አላውቅም፤ ለአባቴም ቢሆን።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ነፍሱ ሳትፈታ መቅረቷ እንቅልፍ ነሣኝ። መጽሐፉን በነጠላዬ ሸሽጌ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁና ቅዳሴ ሲወጣ የነፍስ አባታችንን ከዋንዛው ሥር ጠበቅኋቸው።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ።»

«ለአንድ ነፍስ ፍትሐት እንዲያደርሱልኝ ነበር። በጦርነት የሞተ ነው። ወጣት ነው።»

መቋሚያቸውን ጨበጡ። ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«መጽሐፍ ነው፣ አባ።»

«ምን መጽሐፍ?»

አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሽፋኑን አዩ፤ ትንፋሻቸው እንደ መውጣት አለ፤ ከዋንዛው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ድካም መስሎኝ ነበር፤ ጾም ነዋ።

«የክርስትና ስሙን አልጻፉትም» አልሁ። «የእናቱ ልጅ ብለው ይፍቱት። እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«ልጄ፣ ይህ ሰው እኮ አልተወለደም።»

«ወለድ ይላል እኮ፣ አባ። ይኸው፤ ልብ ወለድ።»

«ልብ ነው የወለደው። እናት አልወለደችውም። ጸሓፊው ተቀምጦ ከልቡ አወጣው። ጦርነቱም፣ ገደሉም፣ እናትየዋም የሉም።»

ገረዲቱ ትዝ አለችኝ። «የተገረፈችውስ? ዕንቍ ሰረቅሽ የተባለችው?»

«እርሷም የለች።»

«ስለ እርሷ የጸለይሁትስ ወዴት ሄደ?»

የነፍስ አባታችን ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «ጸሎት መንገድ አይስትም፣ ልጄ። ያለ በደሏ የተገረፈች ገረድ በዚህ አገር ትጠፋለች? ለእርሷ ይደርሳል።»

«ለወታደሩ ያለቀስሁትስ?»

መጽሐፉን ሰጡኝ፤ በመስቀላቸው ባረኩኝ፤ ወደ ቤተ ልሔም ገቡ።

በመንገድ ላይ ተናደድሁ። አልዋሽም። ሰው በሌለ ሰው እንዲህ ይነዳል? ለጎረቤቴ ስነግራት «ታዲያ ሰውዬው ዋሽቷል» አለች።

«አይደለም፤ ፈጥሯል ነው የሚሉት።»

«መፍጠርማ የአላህ ነው! ሽማግሌው ቄስ በድካም ተሳስተው ይሆናል።» ከዚያ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንባሽን ይመልስልሽ እንዳልል አገሩ አይታወቅ።»

ቤት ገብቼ የዋርካውን ገጽ እንደገና ገለጥሁ። ያላየውን እንዴት እንዲህ ያውቀዋል? ብዬ ነው። ፍቅሩን ሲናገር አላመንሁትም፤ ፍቅር ማንም ያወራል። ያመንሁት ጉንዳኑን ሲያነሣ ነው። ማር ካለ ጉንዳን መኖሩ አይቀርም። እንግዲህ ያሳመነችኝ ያቺ ትንሿ ጉንዳን ናት አልሁ። ንዴቴም በረደ። ሰውዬውን ባላውቀውም አመሰገንሁት፤ ልጁን አንድ ክረምት ሙሉ ሳይርበው አስከርሞታልና።

ቡሄ አለፈ። በዚያ ዓመት ጅራፍ አልተሰማም፤ ድምፁን ጥይት ነው ይሉናል ብሎ ሰው ፈራ። በፍልሰታ ማብቂያ ላይ ባለቤቴ ገበያ ውለው መጡ። ገና ፀሐይ አልገባችም። ጭቃቸውን ከደጃፍ እያራገፉ ሳሉ እኔ ምስር እለቅም ነበር።

«ደኅና ነው» አሉ።

«ተመስገን።»

«መጠለያም አግኝቷል። ዋርካ ነው። ቦዱ ሰፊ ነው አሉ፣ ሰው ያስተኛል።» ገመዳቸውን አነሡ። «ንብ አለበት። ማር ይበላል። ጉንዳኑ ብቻ ነው ያስቸገረው።»

እጄ ምስሩ ውስጥ ቀረ።

ዝናብ አልነበረም። ከማዶ ሰው ከብት ሲጠራ ይሰማል።

«ማን ነው ያየው?» አልኋቸው።

«አንድ ሰው።»

«የማን ልጅ ነው?»

ገመዱን ይገምዳሉ።

«ካፖርቱስ?» አልሁ። «እጅጌው የታጠፈው?»

ያን ጊዜ ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። «እኔ ነኝ ያለበስሁት» አሉ። «ክረምት ገባ። ይበርደዋል ብዬ።»

ልጄ ግንቦት ላይ ከጉማራ ወንዝ ማዶ ወድቆ ነበር። ጓደኞቹ በክብር ቀብረውታል። ፍትሐቱንም የነፍስ አባታችን ጣራ ገዳም ድረስ በጭቃ ሄደው አድርሰውለታል፤ በከተማው ደብር ቢያደርሱት ስሙ ይሰማ ነበርና። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ከአፋቸው አንድ በአንድ እየነቀሉ ነገሩኝ። እርሳቸው ያውቃሉ፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ ጎረቤቴና ባሏ ያውቃሉ።

«እኔስ?» አልሁ። «እናቱስ?»

«መርዶ ብናረዳሽ ትጮኺያለሽ» አሉ። «ልጁን የቀበረች እናት አትጩኺ አይባልም። ብትጮኺ ይሰማሉ። መተማ ነው ያልነው ልጅ ዱር ነበር ይሆናል። ቤት ያቃጥላሉ። የእኛ ብቻ ቢሆን ነዶ በሄደ። የጎረቤቶቻችን ክዳን ከእኛ ክዳን ላይ ነው ያለው። ልጆች ይተኙበታል።»

እውነታቸውን ነበር። አልጮኽሁም። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተትሁት። እንዲህ ሆኜ ምን ያህል እንደ ቆየሁ አላውቅም። ከጎረቤት ግድግዳ በኩል ልጆቹ ሲስቁ ይሰማኛል።

በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። «ዋርካውን ለምን አመጡት? ሌላ ነገር ቢሉኝ እስከ አሁን አምን ነበር።»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አሉ። «ምናለ ቢሰጠው አልሽ።»

አልተቆጣኋቸውም። ዛሬም አልቆጣቸውም። ወግ የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ተረት እንኳን ለልጆቻቸው ነግረው አያውቁም። ገበያ ውለው፣ የልጃቸውን ሐዘን በሆዳቸው ይዘው፣ በመንገድ ላይ ዛሬ ምን ላብላው፣ ምን ላልብሰው ሲሉ ይመጡ ነበር። ልጄ ከሞተ በኋላ ያን ክረምት የከረመው በእርሳቸው ልብ ነው። ሌላ ሴት ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን ስታለቅስ እኔ ልጄ ሞቆት፣ ጠግቦ እንዳለ አውቅ ነበር። ለዚህ ማንን እንደማመሰግን አላጣሁም።

ግን ማልቀስ ነበረብኝ። ለመጽሐፍ ወታደር ስነፋረቅ የከረምሁ ሴት፣ ለወለድሁት ድምፅ ማውጣት አልተፈቀደልኝም።

በማግሥቱ ጠዋት በጋፋት መንገድ ካለው መንደር አንዲት ባልቴት ማረፋቸው ተሰማ። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ በልጆቻቸው መካከል ነው ያረፉት። በዓይን ብቻ ነው የማውቃቸው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁና ወጣሁ። ጎረቤቴ አየችኝ። ሻሿን አስተካክላ ከኋላዬ ተከተለችኝ።

ለቅሶው ላይ ስደርስ ድምፄ እንደ ወጣ ወጣ። ደረቴን መታሁ። የሟቿ ልጆች እንኳን እንደ እኔ አላለቀሱም። ከጎኔ የነበሩ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ምናቸው ናት?»

«እኔ አላውቃትም።»

«የክርስትና ልጃቸው ናት» አለች ጎረቤቴ፣ ቆጣ ብላ። «እንደ ልጅ ነበር የሚወዷት። ተዋት፣ ታልቅስ።»

የልጄን ስም አልጠራሁም። ሬሳው ወጥቶ፣ ግብዓተ መሬቱ እስኪፈጸም ድረስ አለቀስሁ። ከዚያ እንስራ ተቀበልሁና ከሴቶቹ ጋር ወርጄ ለሐዘንተኞቹ ውሃ ቀዳሁ።